የጃኮቢያን ማትሪክስ ምንድን ነው?

አንድን ቬክተር (በቅደም ተከተል የተደረደሩ ቁጥሮችን) ከሌላ ቬክተር አንጻር ዲፈረንሺዬት ማድረግ ሲባል ብዙ ተማሪ ግራ ይጋባል። ዴሪቬቲቭ የሚባለው ለውጥ ለለውጥ ሲካፈል የሚገኝ ነው ብሎ ተምሯል፤ ቬክተር ደግሞ ለቬክተር አይካፈልም። ግራ መጋባቱ ተገቢ ነው። የሚያዋጣው ማካፈሉን ትቶ ማባዛቱን ማየት ነው። የአንድ ፋንክሽን ዴሪቬቲቭ በአንድ ነጥብ ላይ 6 ነው ስንል፣ ግብዓቱ እዚያ አካባቢ በጥቂቱ ቢለወጥ የውጤቱ ለውጥ የዚያ 6 እጥፍ ገደማ ይሆናል ማለታችን ነው። ግብዓቱም ውጤቱም ቬክተር ሲሆኑ ይህን የማባዛት ሥራ አንድ ቁጥር ብቻውን አይወጣውም፤ በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ሰንጠረዥ፣ ማለትም ማትሪክስ፣ ያስፈልጋል። ያ ማትሪክስ ጃኮቢያን ይባላል። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ከካርል ጉስታፍ ያኮብ ያኮቢ (እ.ኤ.አ. 1804–1851) ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ግብዓት አንድ ዓምድ ይሰጣል። ረድፉና ዓምዱ በሚገናኙበት ቦታ የሚጻፈው፣ ሌሎቹ ግብዓቶች ባሉበት ቆመው ያ አንዱ ብቻ ሲለወጥ ውጤቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጥ ነው። 3 ግብዓትና 2 ውጤት ካሉ ማትሪክሱ 2 ረድፍና 3 ዓምድ ይኖረዋል።

በቁጥር እንየው። ግብዓቶቹ ሀ እና ለ ይሁኑ። የመጀመሪያው ውጤት ሀ² × ለ፣ ሁለተኛው ሀ + 5ለ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ 2 × ሀ × ለ እና ሀ² ይሆናል፤ ሁለተኛው ረድፍ 1 እና 5። ሀ 2፣ ለ 3 ሲሆኑ ረድፎቹ (12፣ 4) እና (1፣ 5) ናቸው። አሁን ሀ ላይ 0.01፣ ለ ላይ 0.02 እንጨምር። ጃኮቢያኑ የመጀመሪያው ውጤት በ0.12 + 0.08 = 0.20 ያድጋል ይላል። በቀጥታ ሲሰላ ውጤቱ ከ12 ወደ 12.2011 ገደማ ይደርሳል። ሁለተኛው ውጤት ላይ ደግሞ ስሕተት ጨርሶ የለም፤ ለውጡ ልክ 0.11 ነው፣ ምክንያቱም ፋንክሽኑ ራሱ ቀጥተኛ ነው።

ይህ ማትሪክስ ከወረቀት ወጥቶ የሚታየው በሮቦት ክንድ ላይ ነው። ትከሻና ክርን ብቻ ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚንቀሳቀስ ክንድ እናስብ። ግብዓቶቹ ሁለቱ ማዕዘኖች፣ ውጤቱ የእጁ ጫፍ ያለበት ቦታ ነው። የዚህ ጃኮቢያን ዲተርሚናንት (ከማትሪክሱ ቁጥሮች የሚሰላ፣ ዜሮ ሲሆን ውጤቱ በአንድ አቅጣጫ መለወጥ እንደማይችል የሚያሳይ አንድ ቁጥር) የሁለቱ የክንድ ክፍሎች ርዝመት ብዜት በክርኑ ማዕዘን ሳይን ተባዝቶ ይገኛል። ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ሳይኑ ዜሮ፣ ዲተርሚናንቱም ዜሮ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የትኛውም መገጣጠሚያ ቢዞር እጁ የሚሄደው ወደ ጎን ብቻ ነው፤ ወደ ትከሻው ወይም ከትከሻው ርቆ የሚሄድበት ፍጥነት የለውም። ክንዱ ወደዚህ ሁኔታ በተጠጋ ቁጥር፣ እጁን በዚያ አቅጣጫ ትንሽ ለማንቀሳቀስ ሞተሮቹ እጅግ ፈጥነው እንዲዞሩ ይገደዳሉ። የሮቦት መሐንዲሶች ዲተርሚናንቱን በዓይነ ቁራኛ የሚከታተሉት ለዚህ ነው።

አንዳንድ መጻሕፍት ረድፍና ዓምዱን አገላብጠው ስለሚጽፉ መጠንቀቅ ይገባል። እኔ ውጤትን በረድፍ ማስቀመጥን እመርጣለሁ፤ አንድ ፋንክሽን የሌላውን ውጤት ሲቀበል ጃኮቢያኖቹ በዚያው ቅደም ተከተል ይባዛሉ፣ የኋለኛው በግራ፣ የፊተኛው በቀኝ። የማትሪክስ ብዜት ቦታ ሲለዋወጥ ውጤቱ ስለሚለወጥ ይህ ተራ የአጻጻፍ ምርጫ አይደለም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኔትወርኮች የሚሠለጥኑትም ጃኮቢያኖችን በቅደም ተከተል በማባዛት በዚሁ ሕግ ነው። ነገር ግን 1,000 ግብዓትና 1,000 ውጤት ያለው አንድ ንብርብር (የኔትወርኩ አንድ የስሌት ደረጃ) ብቻ 1 ሚሊዮን ቁጥር የያዘ ጃኮቢያን አለው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ማትሪክሱን ሙሉ አድርጎ አይጽፈውም፤ ከመጨረሻው ንብርብር ተነሥቶ ወደ ኋላ እየሄደ፣ አንድ ረድፍ ቬክተር በጃኮቢያኑ ሲባዛ የሚሰጠውን ውጤት ብቻ ያሰላል።