የግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ኮፕቶች በመካከለኛው ምሥራቅ ካሉት ክርስቲያኖች ሁሉ በቁጥር የሚበልጡ፣ በገዛ አገራቸው በግብፅ ግን በአናሳነት የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ብዛታቸው ያከራክራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 10 ገደማ ሲሆን ቤተ ክርስቲያናቸው ከዚያ ከፍ ታደርገዋለች።

ቤተ ክርስቲያኒቱ የእስክንድርያ መንበሯን ከወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ ትቆጥራለች። ዓመተ ሰማዕታት የተባለው የዘመን ቁጥሯ የሚነሣው የሮሙ ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በእ.ኤ.አ. ናቸው)። በ451 በክርስቶስ ባሕርይ ጉዳይ የወሰነውን የኬልቄዶንን ጉባኤ ባለመቀበሏ በቁስጥንጥንያ ነገሥታት እጅ ብዙ መከራ ተቀብላለች። ዐረቦች ከ639 ጀምሮ ግብፅን ከያዙ በኋላ ክርስቲያኖቹ ጂዝያ የተባለውን ግብር እየከፈሉ ቆዩ፤ ቁጥራቸውም በየዘመኑ እየቀነሰ ግብፅን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች ዘመን አናሳነታቸው ለይቶለታል። ግብሩ የተሻረው በ1855 ነው።

ከእኛ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር ያላቸው ትስስር ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ከላከ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ጳጳሳት ከእስክንድርያ ሲሾሙ ኖረዋል። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል የተባለው አንቀጽ በኒቅያ ጉባኤ ስም ሲጠቀስ ቢኖርም፣ የጉባኤው እውነተኛ ቀኖናዎች 20 ብቻ ናቸውና ይህ አንቀጽ በውስጣቸው የለም። በ1856 ፓትርያርክ ቄርሎስ 4ኛ ራሳቸው ወደ አፄ ቴዎድሮስ መጥተው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተጠራጥረው ለጊዜው በእስር አቆይተዋቸዋል። ከረጅም ድርድር በኋላ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ሊቀ ጳጳስ፣ በ1959 ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። በኢየሩሳሌም የዴር ሡልጣን ገዳማችን ጉዳይ ግን ኮፕቶች የባለቤትነት ጥያቄ ስለሚያነሡ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ኮፕቶች ቁጥራቸው ቢያንስም አሻራቸው ጉልህ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን የጥንቱን የግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት ለመፍታት የረዳው ዛሬ በቅዳሴ ብቻ የተረፈው የኮፕት ቋንቋ ነው፤ ሙስሊሙ ገበሬም የዘርና የአዝመራ ወቅቱን ሲያሰላ የኖረው በኮፕት ወሮች ነው። በ1919 በእንግሊዞች ላይ በተነሣው አብዮት መስቀልና ጨረቃ በአንድ ሰንደቅ ላይ ታይተዋል።

በ1968 በካይሮ የተመረቀው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ምረቃ ላይ ፕሬዚዳንት ናስርና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። በ1981 ግን ፕሬዚዳንት ሳዳት የፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛን እውቅና ሰርዘው ወደ ገዳም አጋዟቸው፤ የተመለሱትም በ1985 ነው። በ2013 በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በ2015 ደግሞ በሊቢያ 20 ኮፕቶች ከአንድ ጋናዊ ጋር፣ ከሁለት ወር በኋላም ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችን በዚያው ምድር ተሠዉ። አብያተ ክርስቲያናት የሚሠሩበትንና የሚታደሱበትን ሥርዓት የሚደነግገው ሕግ በ2016 ወጥቷል፤ ፈቃዱ ግን ዛሬም በአገረ ገዥዎች እጅ ነው።