"ሪክላስ" ምንድን ነው? ቤዚክ ላይ ሙያ ስለመቀየር የሚወራው ስህተት

"ዝም ብለህ ፈርም፤ ቤዚክ ከገባህ በኋላ ሪክላስ ታደርጋለህ።" አያትም ሆነ ለገጣፎ ወይም የካ አባዶ፣ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የሄደ ልጅ ያለበት ቤት ስለ አሜሪካ ምድር ጦርና ስለ መጀመሪያ ሥልጠናው፣ ስለ ቤዚክ፣ ይህችን ምክር ሳይሰማ አልቀረም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ብሶበት "በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙያ መቀየር የሠልጣኙ መብት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲፓርትመንት እንደመቀየር ነው" ብሎ ጻፈ። ሰውም ይቀባበለዋል። መብትም አይደለም፣ ዲፓርትመንትም አይደለም።

ሪክላስ ማለት አንድ የአሜሪካ ምድር ጦር ወታደር ከያዘው የሙያ መደብ፣ ማለትም ከኤም ኦ ኤስ፣ ወደ ሌላ መዛወሩ ነው። ቃሉ ይኸው ነው። ጣጣው ያለው ግሡ ላይ ነው፦ ሠልጣኝ ሪክላስ አያደርግም፤ ሪክላስ ይደረጋል። አድራጊው ጦሩ ነው።

በኮንዶሚኒየም እናስበው። 20/80 ላይ ባለ አንድ መኝታ ብሎ የተመዘገበ ሰው ዕጣ ሲወጣለት ባለ አንድ መኝታ ያገኛል። ኮዬ ፈጬ ይሁን ቦሌ አራብሳ፣ ምድር ይሁን አራተኛ ፎቅ፣ እሱን የሚያውቀው ዕጣው ነው። የምድር ጦሩ ውልም እንዲሁ ነው። ሙያው የመኝታው ቁጥር ነው፤ የሚመደቡበት ካምፕ ደግሞ ሳይቱና ፎቁ። በውሉ ላይ ካልተጻፈ በስተቀር ካምፑን ማንም ቃል አልገባልህም። ታዲያ ውል ተዋውሎ ቁልፍ ከተረከበ በኋላ "ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፣ ባለ ሦስት መኝታ ይሰጠኝ" ብሎ ቢሮ ደጃፍ የሚቆም ሰው ምን ተብሎ እንደሚመለስ እናውቃለን። ቤቱ ሊኖሩበት የማይቻል ሆኖ ቢገኝና ምትክ ቢሰጠው እንኳ ምትኩ የሚወጣው ባዶ ከተገኘው ነው። ምሳሌው የሚሰነጠቀው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ኮንዶሚኒየም አከራይቶ ሌላ ሰፈር መኖር ይቻላል፣ 88ኤምን፣ የከባድ መኪና ሹፌርነትን፣ አከራይቶ ነርስ መሆን ግን አይቻልም።

ሰዎች "ቀየረ" እያሉ የሚያወሩት በሦስት የተለያዩ ጊዜያት የሚሆነውን ነው፤ ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሜፕስ በሚባለው የምልመላ ምርመራና ፈተና ጣቢያ መጀመሪያ ከተፈረመ በኋላ ወደ ሥልጠና እስከሚሄዱበት ቀን ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ውሉ በመነሻው ቀን እንደገና ይፈረማል። በመካከሉ ያለው ጊዜ የመደራደሪያ ጊዜ ነው። የተፈለገው ሙያ ክፍት ቦታ ካለውና የፈተና ውጤቱ ከበቃ፣ በሪክሩተሩ፣ በመልማዩ፣ በኩል ውሉ ተሻሽሎ ሊጻፍ ይችላል። ሪክሩተሩ አይወደውም፤ የመነሻ ቀኑም ሊገፋ ይችላል። ቢሆንም በር አለ። ሌላው የመጀመሪያው ውል ሊያልቅ ሲል፣ ዳግም ሲፈርሙ የሚደረገው ነው፤ ወታደሩ ራሱ ጠይቆ የሚያገኘው እውነተኛው ሪክላስ ይህ ነው። "የአክስቴ ልጅ ቀይሯል" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሥልጠና፣ ማለትም የ10 ሳምንቱ ቤዚክና ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የሙያ ትምህርት፣ ኤአይቲ፣ ምርጫ የሚካሄድበት ቦታ አይደለም።

በሥልጠና ጊዜ ሙያ አይቀየርም ማለት ግን አይደለም። ይቀየራል፤ ምክንያቱ ግን ፍላጎት አይደለም። ሠልጣኙ ትምህርቱን ይወድቃል፣ ይጎዳል፣ ወይም ሙያው የሚጠይቀውን የደኅንነት ማጣሪያ ሳያልፍ ይቀራል። የውጊያ ሕክምናን፣ 68ደብሊውን፣ እንውሰድ። ፎርት ሳም ሂውስተን የሚሰጠው ትምህርት 16 ሳምንት ያህል ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል የአምቡላንስ ባለሙያ የብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ነው። ብዙ ሰው የሚንጠባጠበው እዚያ ነው። የወደቀ ወዲያው ሌላ ሙያ አይሰጠውም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ከኋላው ከሚመጣው ክፍል ጋር ይቀላቀላል፤ እነሱ "ሪሳይክል" የሚሉት ይህ ነው። ዳግመኛ ከወደቀ ሪክላስ ይደረጋል፤ ያኔ የሚታየው ሁለት ነገር ነው፦ የመግቢያ ፈተናው፣ የአስቫብ፣ ውጤቱ ምን ይፈቅዳል፣ ጦሩ የት ሰው ጎድሎታል። ወጥ ቤት፣ 92ጂ፣ ወይም ከባድ መኪና፣ 88ኤም፣ ሊሆን ይችላል። (ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ሰው የሚያማርረው ሥራውን ሳይሆን ሳይመርጠው መምጣቱን ነው።) የፈረመው ዓመት ግን በዚህ ምክንያት አይቀንስም። ለመጀመሪያው ሙያ ተብሎ ቦነስ ተጽፎ ከነበረም ቦነሱ የሙያው እንጂ የሰውየው ስላልሆነ ተከትሎት አይመጣም።

ስለዚህ "ሆን ብሎ ወድቆ መቀየር" የሚባለው ብልሃት ባለ አንድ መኝታውን አፍርሶ ባለ ሦስት መኝታ እንደመጠበቅ ነው። ለጎረቤት ይነገር ይሆናል፤ ለልጅ ግን አይነገርም።

ወደ 11ኤክስ የፈረሙም "ሙያዬ ተቀየረ" ሲሉ ይሰማል። አልተቀየረም። 11ኤክስ ራሱ እግረኛ ጦር ማለት ነው፤ ተራ እግረኛው 11ቢ ይሁን ወይም ሞርታር ተኳሹ 11ሲ፣ ያ የሚወሰነው በሥልጠናው ውስጥ ነው። ለእነሱ ቤዚክና ኤአይቲ ተለያይቶ አይመጣም፤ ፎርት ቤኒንግ ላይ 22 ሳምንት በአንድ ላይ ይሄዳል። ባሕር ወለድ ጦሩ፣ ማሪን የሚባለው፣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈርመው በሙያ ዘርፍ ነው፤ ትክክለኛው መደብ በኋላ ይለያል። ናሽናል ጋርድና ሪዘርቭ በሚባሉት የትርፍ ጊዜ ወታደሮች ክፍሎች ላይ ሙያው የሚታሰረው በአካባቢው ክፍል ባለው ክፍት ቦታ ነው። በአንዱ የሰማነውን በሌላው ላይ መለጠፍ አይሠራም።

የእኛ ልጆችን የሚመለከተው ዋናው ነገር ግን ግሪን ካርዱ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግባት ይችላል፤ የደኅንነት ፈቃድ ግን ዜግነት ይጠይቃል። ስለዚህ የመረጃ ሥራዎች፣ በ35 የሚጀምሩት፣ ከመጀመሪያው ዝግ ናቸው። "ቤዚክ ላይ ዜግነት ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ሙያ ትቀይራለህ" የሚለው ምክር ግማሹ እውነት መሆኑ ነው አደገኛ ያደረገው። በአገልግሎት ላይ ሆኖ የአገልግሎት ማረጋገጫውን ቅጽ፣ ኤን-426ን፣ አስፈርሞ ከዜግነት ማመልከቻው፣ ከኤን-400፣ ጋር ማመልከት ይቻላል፤ የማመልከቻ ክፍያም የለውም። ዜግነቱ ግን ነገ የሚከፈቱ በሮችን ያበዛል እንጂ ዛሬ የተፈረመውን ሙያ አይነካም።

ሁለተኛው እንቅፋት እንግሊዝኛ ነው። አስቫብ ለየሙያው የተለያዩ ውጤቶች አሉት፣ ጂቲ፣ ኤስቲ፣ ኦኤፍ እየተባሉ፤ ጂቲ የሚባለው ውጤት ከቃላትና ምንባብ እንዲሁም በዓረፍተ ነገር ከሚቀርብ ሒሳብ የሚወጣ ነው። ማትሪክ ላይ በሒሳብ የታወቀ ልጅ ጥያቄውን አንብቦ እስኪጨርስ ሰዓቱ ያልቅበታል። 68ደብሊው ጂቲ 107 እና ኤስቲ 101 ይጠይቃል፤ 88ኤም ኦኤፍ 85 ብቻ። ውጤት ዝቅ ካለ መፍትሔው ያገኙትን ፈርሞ "ገብቼ እቀይራለሁ" ማለት አይደለም፤ ፈተናውን መድገም ነው። ከአንድ ወር በኋላ መድገም ይቻላል፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ግን በየ6 ወሩ ነው። ሁለት ወር ቃላት ማጥናት ሦስት ወይም አራት ዓመት ካልፈለጉት ሥራ ጋር ከመኖር ይቀላል።

አንድ ነገር ለሠልጣኙ ያደላል፦ ጦሩ ራሱ የጻፈውን ካላከበረ። ሠልጣኙ ሳያጠፋ በውሉ ያለው ሙያ ካልተሰጠው ሌላ ሙያ የመቀበል ወይም የመሰናበት ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ጉድለቱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ግን ለአለቆቹ ማሳወቅ አለበት። መነሻው የድሪል ሳጅን፣ የአሠልጣኙ፣ ቢሮ ነው፣ ከዚያ ወደ ሻምበሉ አዛዥ። የሚታየው ወረቀት ዲዲ 4 የሚባለው ዋናው ውልና ከእሱ ጋር የተያያዙት አባሪዎች ናቸው፤ የሙያው ቁጥር የሚገኘው አባሪው ላይ ነው። ዲዲ 4 ራሱ በውሉና በአባሪዎቹ ካልተጻፈ በቀር ማንም የሰጠው ሌላ ተስፋ እንደማይከበር ይናገራል፤ ሪክሩተሩ ቡና እየጋበዘ ያለውንም ጨምሮ። ቤዚክ ሲገቡ ስልክ ስለሚሰበሰብ፣ ከመነሻው ቀን በፊት የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለእናት ወይም ለወንድም መላክ ነው። ቤተሰብም ፎቶው ሲደርሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ቁጥር ነው፦ 68ደብሊው ብሎ ነግሮን አባሪው 92ጂ ካለ፣ ገና ካልተነሣ በዚያው ቀን ይደወልለት።