የካምፐር ኤሲ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጁላይ በመጣ ቁጥር ካምፐር ትሬለር (በመኪና የሚጎተት የመዝናኛ ቤት) ካላቸው ወዳጆቼ የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ኤሲው አልቻለም፤ ትልቁን ልግዛ?» የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣ ሀበሻ እዚህ አይጠፋም። ከዳላስና ከላስ ቬጋስ የሚደውሉም አሉ፤ እነሱ ጋ ሙቀቱ የሚቻል አይደለም። ሰው የለፋበትን ገንዘብ አውጥቶ፣ አዲስ ኤሲ ጣሪያው ላይ አስጭኖ፣ ያው ወበቅ ውስጥ ሲቀመጥ ማየት ያንገበግበኛል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ማሽኑ ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት ቦታና በሚደርሰው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«አልቀዘቀዘም፣ ስለዚህ ሞቷል»

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩት። ተራ የኩሽና ቴርሞሜትር ይበቃል። ኤሲው 20 ደቂቃ ያህል ከሰራ በኋላ አየር የሚስብበት ቦታ ላይ ለኩ፤ ከዚያ ለማሽኑ በጣም ቅርብ በሆነው የቀዝቃዛ አየር መውጫ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ፋራናይት ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ካምፐር ውስጡ 100 ዲግሪ ከደረሰ፣ መጀመሪያ የሚወጣው አየር 80 አካባቢ መሆኑ ጥፋት አይደለም። ማሽኑ የሚችለው ይህንኑ ነው። ቀስ በቀስ ይወርዳል።

ልዩነቱ ካነሰ ፊልተሩን እጠቡ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ የፕላስቲክ ክዳኑን አንሱና ከኋላ ያለውን ኮንደንሰር እዩ። አቧራና ቅጠል ጠጥቶ ታፍኖ ከሆነ ሙቀቱን ወደ ውጭ መጣል አይችልም። ፋኑ እየዞረ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) «እምም» ብሎ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ካፓሲተሩ፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ትንሽ ዕቃ፣ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተር ዋጋው ከሙሉ ኤሲ ጋር አይወዳደርም። ግን ኤሌክትሪኩ ተነቅሎም ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ፣ የማያውቅ ሰው እጁን እንዳይከት አደራ።

«ጋዝ ቢሞላበት ይድናል»

ይህ ከመኪና የመጣ ልማድ ነው። የካምፐር ጣሪያ ኤሲ ጋዙ ከፋብሪካ ተሞልቶ የታሸገ ነው፤ አብዛኞቹ መሙያ ቫልቭ እንኳ የላቸውም። ጋዙ ካለቀ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ያንን መክፈት የሚችለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ፣ ኢፒኤ፣ ሴክሽን 608 የሚባለው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። ደስ የሚለው አዲሱም ተሞልቶ ስለሚመጣ የሚገጥመው ሰው ጋዝ አይነካም። አሮጌውን ግን ቧንቧውን ቆርጣችሁ ቆሻሻ ላይ አትጣሉት። ጋዙን አየር ላይ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጋዙን አውጥቶ ወደሚረከብ ቦታ ውሰዱት።

«ቢቲዩው በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው፤ ገበያው ላይ በብዛት ያሉት 13,500 እና 15,000 ቢቲዩ ናቸው። ልዩነታቸው 11 በመቶ ገደማ ነው። የቀድሞው ጨርሶ ካላቀዘቀዘ፣ ይህቺ 11 በመቶ ታሪክ አትቀይርም።

ትንሽ ካምፐር ላይ ትልቅ ኤሲ መጫን የራሱ ጣጣ አለው። ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፤ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ሂዩስተን ወይም ሜሪላንድ ላይ ከሆናችሁ ብርድ ልብሱ ራሱ እርጥብ እርጥብ ይላል። እኛ ጋ ኮሎራዶ አየሩ ደረቅ ስለሆነ እርጥበቱ አያስቸግርም፤ የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ያስቸግራል። እስከ 20 ጫማ ገደማ ለሆነ ትሬለር እኔ 13,500ውን እመርጣለሁ። ረጅምና ጎኑ የሚከፈት ከሆነ 15,000፣ ወይም ሁለት ኤሲ። ሁለት ኤሲ ደግሞ በአብዛኛው ባለ 50 አምፒር መስመር ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት መስኮቶቹንና የጣሪያውን ብርሃን ማስገቢያ በሚያንጸባርቅ ሽፋን ዝጉ። ኤሲውንም ከጠዋቱ አብሩት፤ ከሰዓት ቤቱ ከጋለ በኋላ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል።

«ቀዳዳው 14 በ14 ነው፣ የትኛውም ይገጥማል»

ግማሹ እውነት ነው። የጣሪያው ቀዳዳ በአብዛኞቹ ካምፐሮች 14 በ14 ኢንች ነው፤ ብራንድ ብትቀይሩም ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ከጣሪያው በላይ የሚቀመጠውና ከውስጥ የምታዩት ክፍል ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይሸጣሉ። የላይኛውን ብቻ አዝዞ ቅዳሜ ጠዋት አሮጌውን ካወረደ በኋላ የታችኛው እንደሌለው የገባው ሰው አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛው አየር በጣሪያው ውስጥ ባሉ መስመሮች ወደየክፍሉ ይሄዳል ወይስ እዚያው ከማሽኑ ስር ይወጣል? ለሁለቱ የታችኛው ክፍል ይለያያል። ሦስተኛው ቴርሞስታቱ ነው። ኮልማን ማክ እና ዶሜቲክ የታወቁ የኤሲ ብራንዶች ናቸው። የብዙ ኮልማን ማክ ኤሲዎች የግድግዳ ቴርሞስታት በ12 ቮልት የሚሰሩ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ብዙ ዶሜቲኮች ደግሞ እንደ ስልክ መስመር ያለች ገመድ ይዘው ከመቆጣጠሪያ ሳጥን ጋር ይነጋገራሉ። ሁለቱ በቀጥታ አይግባቡም፤ ብራንድ ከቀየራችሁ ቴርሞስታቱንም መቀየር ሊኖርባችሁ ይችላል።

ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት የላይኛውንም የታችኛውንም መለያ ጽሑፍና የሽቦዎቹን ቀለም በስልካችሁ አንሱ። የጣሪያውን ውፍረትም ለኩ፤ የቡሎኖቹ ርዝመት በእሱ ነው የሚወሰነው። ጣሪያው የሚታጠፍ ካምፐር ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኤሲ ከ35 እስከ 45 ኪሎ ይመዝናል። ጣሪያውም ማንሻውም ይህን እንዲሸከም መሠራቱን ከአምራቹ መመሪያ ሳታረጋግጡ እንዳትጭኑ።

«ጠበቅ አድርጎ ማሰርና ዙሪያውን ሲሊኮን መቀባት ነው»

ይህኛው ብዙ ጣሪያ አበስብሷል። በኤሲውና በጣሪያው መካከል የሚገባው ወፍራም የስፖንጅ ጓርኒሲዮን ውሃ የሚከለክለው ተጨፍልቆ ነው። አንድ ኢንች ገደማ የነበረው ግማሽ ኢንች ሲሆን በቃ። ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁት የማሽኑ ወለል ይጎብጣል ወይም ጣሪያው ይሰረጉዳል፤ የዝናብ ውሃ እዚያ ይጠራቀማል፣ ከዚያ መንገድ ይፈልጋል። ቡሎኖቹን ከውስጥ በኩል ጥቂት ጥቂት፣ በሰያፍ እየተፈራረቃችሁ አጥብቁ። መጨረሻ ላይ የአምራቹን የጥብቀት ልክ ተከተሉ።

ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን አያስፈልግም። እንዲያውም ኤሲው ራሱ የሚያወጣው ውሃ ወደ ጣሪያው እንዳይፈስ ያግዳል፤ ነገ ሲነሳም የጣሪያውን ላስቲክ ይዞ ይነሳል። አሮጌውን ጓርኒሲዮን በአግባቡ ፋቁት፤ ግን የላስቲክ ጣሪያ ላይ ቤንዚን ወይም የነዳጅ ዘር የሆነ ማጽጃ አታፍስሱ፣ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። አዲሱን ስታስቀምጡ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንስታችሁ አስቀምጡት እንጂ አትጎትቱት። አንድ ጊዜ ከጎተታችሁት ጓርኒሲዮኑ ከስር ይቀደዳል፣ እናንተም አታዩትም።

«ከውስጥ ያለው ክዳን ለማማር ብቻ ነው»

ብትሰሙኝ ትልቁ ምስጢር እዚህ ነው። ኤሌክትሪኩን ንቀሉ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ፍቱና በባትሪ መብራት ወደ ላይ እዩ። ቀዳዳው ዙሪያ የተጋዘ እንጨት፣ የፎም ሽፋንና በጣሪያና በኮርኒስ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይታያችኋል። መሐል ላይ አንድ መከፋፈያ አለ፤ በአንድ ወገን ሙቅ አየር ይወጣል፣ በሌላው ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል። በብዙ ካምፐሮች ላይ ያ መከፋፈያ በደንብ አልገጠመም። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያየሁባቸው አሉ።

ውጤቱን አስቡት። ማሽኑ ያቀዘቀዘው አየር ወደ ክፍሉ ሳይደርስ በዚያ ክፍተት ተመልሶ ይሳባል። ሌላው ደግሞ በእንጨቶቹ መካከል ገብቶ ጣሪያውን ያቀዘቅዛል፤ ሰው ግን ያልበዋል። ማሽኑ የራሱን ቀዝቃዛ አየር መልሶ ስለሚስብ በረዶ ሊሠራም ይችላል። ያኔ ነው «ኤሲው ደካማ ነው» የሚባለው።

መድኃኒቱ ጥቅል የአሉሚኒየም ቴፕ ነው። የጨርቅ ቴፑን ተዉት፣ በሙቀት ይላቀቃል። እንጨቱን ከአቧራ አጽዱ፤ የተጋዘውን ጠርዝ በሙሉ፣ የመከፋፈያውን አራት ጠርዝ፣ አየር ወደ መስመሮቹ የሚገባበትን አፍ ሁሉ በቴፑ ሸፍኑና በማንኪያ ጀርባ ተጭናችሁ አስተካክሉ። ማዕዘኖቹ ላይ ታገሡ። ከዚያ ክዳኑን መልሱና ፋኑን ብቻ አብሩ። ቀጭን ሶፍት ይዛችሁ በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ አዙሩት። አየር መግባት ወይም መውጣት በሌለበት ቦታ ሶፍቱ ከተወዛወዘ ገና ክፍተት አለ። ኤሲውን ለመቀየር ተዘጋጅተው ይህን ብቻ አድርገው የተዉ ሰዎች አሉ። የምትቀይሩ ከሆነም ሁሉም ተከፍቶ ሳለ ይህንን ሳታደርጉ አትዝጉት።

«ኤሌክትሪኩ መጣ አይደል? በቃ»

በባለ 30 አምፒር መስመር የምታገኙት 3,600 ዋት ነው። ኤሲው ብቻውን ወደ 1,500 ይወስዳል። ማይክሮዌቭና የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ከተጨመረበት ብሬከሩ ይወድቃል። እሱስ ይታወቃል። የማይታወቀው የቮልቴጅ መውረድ ነው። በጣም በሚሞቅ ቀን የካምፕ ቦታው ሁሉ ኤሲ ሲያበራ መስመሩ ይደክማል። ከ105 ቮልት በታች ሲሆን ኮምፕሬሰሩ ይሰቃያል፤ ሲደጋገም ይቃጠላል። ቮልቴጅ ሲወርድ ራሱ የሚያቋርጥ መከላከያ ግዙ። ቢያንስ ቴስተር ያዙ። ቤት ደጃፍ ላይ በቀጭን ኤክስቴንሽን ማብራትም ያው ጥፋት ነው፤ ገመዱን ዳስሱት፣ ከሞቀ ቀጭን ነው። ባለ 12 ጌጅ ወይም ከዚያ የወፈረ፣ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን።

ጄኔሬተር ላይ ደግሞ እኛ የኮሎራዶ ሰዎች የምንረሳው ነገር አለ። ሳጥኑ ላይ 2,200 የሚል ጄኔሬተር ሳያቋርጥ የሚሰጠው 1,800 ዋት ገደማ ነው፤ ያም ባሕር ጠለል ላይ። በየ1,000 ጫማው 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ነው፤ 1,800ው ወደ 1,470 ይወርዳል። 10,000 ጫማ ላይ 1,170 ነው የሚቀረው። «ሶፍት ስታርት ካስገጠምኩ ይሠራል» የሚሉኝ አሉ። ሶፍት ስታርት ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ የሚስበውን ትልቅ ጉልበት ያለሰልሳል፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ከተነሳ በኋላ የሚበላውን ግን አይቀንስም።

«ባትሪ አለኝ፣ ሶላር አለኝ»

አንድ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ሊትየም ባትሪ 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛል። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ኤሲው ወደሚጠቀመው የሚቀይረው መሣሪያ) የሚያባክነው ተቀንሶ ኤሲውን አንድ ሰዓት አይሞላውም። ሌሊቱን ሙሉ ለመተኛት ብዙ ባትሪ፣ ትልቅ ኢንቨርተርና እሱን የሚሸከም ገንዘብ ይጠይቃል።

«ውሃ ይንጠባጠባል፣ ገጠማው ተበላሽቷል»

የት ነው የሚንጠባጠበው? ከውጭ በጣሪያው ጠርዝ ከሆነ ተረጋጉ። ኤሲ ከአየሩ ያወጣውን እርጥበት ጣሪያ ላይ ያፈሳል፤ ሥራው ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ በደንብ ይወርዳል። ከውስጥ በክዳኑ በኩል ከወረደ ግን ያሳስባል። ካምፐሩ ዘንበል ብሎ ቆሞ እንደሆነ መጀመሪያ አስተካክሉት። ከዚያ ቡሎኖቹን እዩ፤ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ሳለ በመንገድ ንዝረት ስለሚረግብ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ክዳኑን ፈታችሁ እንደገና በልኩ አጥብቁት።