«ኦፕራሲዮን ከተሠራህ ማሽኑን ጣለው» እና ሌሎች የቡና ላይ ወሬዎች

ከሁለት ዓመት በፊት ስሊቭ የሚባለውን የውፍረት ኦፕራሲዮን ተሠራሁ። ከጨጓራዬ ሰማንያ በመቶ የሚጠጋው ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ግን ከአልጋዬ አጠገብ ብዙም ያልጠፋች አንዲት ትንሽ ማሽን አለች፣ ሲፓፕ ትባላለች። ስሊፕ አፕኒያ አለብኝ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ጉሮሮዬ ይዘጋና ትንፋሼ ቀጥ ይላል፣ አንጎሌ ደንግጦ ይቀሰቅሰኛል፣ ተመልሼ እተኛለሁ፣ እንደገና ይዘጋል። ማሽኗ በማስክ በኩል አየር እየነፋች ጉሮሮው እንዳይዘጋ ከፍታ ትይዘዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የማውቃቸው ሐበሾች መካከል ኦፕራሲዮኑን የተሠራም ሊሠራ ቀጠሮ የያዘም አለ። ቡና ላይ የሚወራው ግን ግማሹ ስህተት ነው፣ አንዳንዱማ ሰው ይገድላል። ሐኪም አይደለሁም፣ ትራክ ነጂ ነኝ። የሰማሁትን አንድ በአንድ ላንሳው።

«የሚያንኮራፋ ሰው እንቅልፉ የጣፈጠው ነው»

ልጆች ሆነን አባቴ ሲተኛ ቤቱ ወፍጮ ቤት ይመስል ነበር። እናቴ «ተዉት፣ ደክሞት ነው» ትለናለች። አሁን ሳስበው ድምፁ በመሃል ቁርጥ ይላል፣ ጸጥታ ይሆናል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ሰው አየር ስቦ ይመለሳል። በሽታው ያ ጸጥታ ነው። ትንፋሽ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ አየሩ በጣም ሲቀንስም እንዲሁ። በሰዓት ከ5 በታች ደህና ነው። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 በላይ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። እኔ ስመረመር 52 ነበርኩ። በየደቂቃው አንዴ ማለት ይቀላል። ታፍኖ ሲነቃ ዱካክ ነው እያለ ዓመታት የኖረ ዘመድም አለኝ።

«ከተመረመርኩ ፈቃዴን ይቀሙኛል»

ይሄ የእኛ የነጂዎቹ ፍርሃት ነው። ለሜዲካል ካርድ፣ ትራክ ለመንዳት ለሚያስፈልገው የጤና ወረቀት፣ የሄድን ቀን ሐኪሙ አንገታችንን አይቶ «ታንኮራፋለህ?» ሲል ሁላችንም «ኧረ በፍጹም!» እንላለን። እኔም ለአራት ዓመት ዋሽቻለሁ። አንድ ሌሊት ፔንስልቬንያ ውስጥ መስመር ለቅቄ፣ የመንገዱ ዳር ሻካራው አስፋልት ጎማዬን ሲያንቀጠቅጠው ነቃሁ። በማግስቱ ራሴ ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

እውነቱ ምንድን ነው፣ በሽታው ያለበት ነጂ ታክሞ ይነዳል። ካርዱ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት መሆኑ ቀርቶ ለአንድ ዓመት ይሰጣል፣ ሲታደስ የማሽኑን መረጃ ያያሉ። ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት በሌሊት ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶውን ማድረግህን ነው። ኢንሹራንሶችም የሚጠይቁት ወደዚሁ ይጠጋል። ማሽኗ ደግሞ ትራኩ ውስጥ በባትሪ ትሠራለች። ሰበብ የለም።

«ከወር በኋላ ልሠራ ነው፣ አሁን ማሽን መልመድ ምን ይሠራል?»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ለውፍረት ኦፕራሲዮን ከሚሄዱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አፕኒያ አለባቸው፣ ብዙዎቹም አያውቁትም። ቀዶ ሐኪሞቹ መጀመሪያ እንቅልፍህን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ስምንት ጥያቄ ያለው ስቶፕ ባንግ የሚባል ቅጽ አላቸው፣ ቶሮንቶ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ታንኮራፋለህ? ቀን ቀን ይደክምሃል? ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ? ደም ግፊትስ? ከዚያ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው መለኪያ (ቢኤምአይ) ከ35 በላይ ነው ወይ፣ ዕድሜ ከ50 በላይ ነው ወይ፣ አንገት ከ40 ሴንቲሜትር ይበልጣል ወይ፣ ወንድ ነህ ወይ። ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ነገሩ ይጠረጠራል። የልብስ ሰፊ ሜትር ቤት ካለ አንገታችሁን አሁኑኑ ለኩት።

ታዲያ ለምን ይቸኩላሉ? ማደንዘዣውም ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሰጠው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ሁለት ነገር ያደርጋሉ፣ ጉሮሮን ያላላሉ፣ አንጎልንም ያደነዝዛሉ። እኔን በሰዓት 52 ጊዜ ሲያድነኝ የነበረው ደንግጦ መንቃቱ ነው። እሱ ከደነዘዘ የሚቀሰቅሰኝ የለም። ስለዚህ ማሽኗን ቀድሞ መልመድ ያስፈልጋል፣ ሆድህ ተሰፍቶ፣ አፍህ ደርቆ፣ ነርስ በየሰዓቱ እየቀሰቀሰችህ አዲስ ማስክ መልመድ አይቻልም። እኔ የለመድኩት ማታ ማታ ኳስ ሳይ አድርጌያት እየተቀመጥኩ ነው። ልጄ «አባዬ ፓይለት ሆነ» ይል ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

«ሆስፒታሉ ኦክስጅን ይሰጠኛል፣ ማሽን ተሸክሜ አልሄድም»

በአፍንጫ የሚገባው ኦክስጅን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ጭራሽ ሊያታልል ይችላል፣ ትንፋሹ እየደከመ ጣት ላይ ያለችው መቆጣጠሪያ ጥሩ ቁጥር እያሳየች ትቆያለች። ማሽናችሁንም የራሳችሁንም ማስክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቦርሳው ላይ ስም ጻፉበት። ለማደንዘዣ ሐኪሙም በአፋችሁ ንገሩት። «ፋይሉ ላይ አለ» ብላችሁ አትተዉት።

«ማሽኑ እየነፋ ስፌቱን ይበጥሰዋል»

አንዲት እህታችን ባይፓስ የሚባለውን ሌላውን የውፍረት ኦፕራሲዮን ተሠርታ ከወጣች በኋላ ይሄን ሰምታ ማስኳን ሁለት ሳምንት አወለቀች። ቀዶ ሐኪሟ ሲሰማ ራሱን ነው የያዘው። ፍርሃቷ ግን ይገባኛል፣ አዲስ ስፌት ላይ አየር መንፋት ለማንም ጆሮ ደስ አይልም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ማሽኑ ላይ የሚታየው 10፣ 12 የሚለው ግፊት የሚለካው በሴንቲሜትር ውሃ ነው። 10 ማለት አሥር ሴንቲሜትር ውሃ የያዘ ብርጭቆ ታች ያለው ግፊት ነው። በቃ! የመኪና ጎማ የሚነፋ ነገር አይደለም። (የመጀመሪያውን ሲፓፕ ሲድኒ ውስጥ የሠራው ኮሊን ሱሊቫን ሞተሩን ከቫኪዩም ክሊነር ነው የወሰደው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው ለዓለም ያሳወቀው። የቫኪዩም ክሊነር ስም ያስፈራ ይሆናል።) አየሩ በብዛት የሚሄደውም ወደ ሳንባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሞ የወጣ፣ ከአንድ ሺህ በላይ የባይፓስ ታካሚዎችን ያየ ጥናት ማሽን ያደረጉት ላይ የስፌት መፍሰስ በዝቶ አላገኘም።

እውነት የሆነ ቁራጭ ግን አለው። አንዳንድ ሰው አየር ይውጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ያገሳል። ጨጓራ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ያው ይሰማል። መፍትሔው ማውለቅ ሳይሆን መደወል ነው፣ ግፊቱ ይስተካከላል፣ ትራስ ከፍ ማድረግም ይረዳል። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የማይለቅ የሆድ ሕመም ከመጣ ግን «ማሽኑ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

«ኪሎው ከወረደ በሽታውም ወረደ»

እዚህ ጋ እኔም ተሸውጃለሁ። በስምንት ወር 38 ኪሎ ቀነስኩ። ሱሪዬ ወለቀ፣ ሰው በመንገድ አላውቅ አለኝ፣ ባለቤቴም «ማንኮራፋትህ እኮ ጠፋ» አለች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ? ማሽኗን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኳት። ሁለት ወር ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ዓይኔ መክበድ ጀመረ። ምግብ ስለቀነስኩ ነው አልኩ። ቫይታሚን ጨመርኩ። ቡና ጨመርኩ። በመጨረሻ ቤት የሚደረገውን የእንቅልፍ ምርመራ ላኩልኝ፣ ጣቴና ደረቴ ላይ አስሬ ተኛሁ። ውጤቱ 17።

ከ52 ወደ 17 ትልቅ ነገር ነው፣ እግዜር ይመስገን። ግን 17 አሁንም መካከለኛ በሽታ ነው። ለካ ብዙ ሰው የሚደርሰው እዚያው አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ 342 የውፍረት ኦፕራሲዮን ታካሚዎችን ያሰባሰበ ትንተና አማካዩ ከ55 ገደማ ወደ 16 ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ጨርሶ የዳነ አለ፣ ማሽኑን የመለሰ ጓደኛም አለኝ። ሁሉም ግን አይድንም።

ለምን ቢሉ፣ ውፍረት አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም። የመንጋጋ አሠራር፣ የጉሮሮ ጥበት፣ ዕድሜ፣ እነዚህ በኦፕራሲዮን አይቀየሩም። ምላስም ውስጥ ስብ ይጠራቀማል። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ኪሎ ሲቀንስ አፕኒያው እንዲሻል ዋናውን ድርሻ ያደረገው የምላስ ስብ መቀነሱ ነው። ምላስ ወፍሮ እንደሚያፍን ማን ያውቃል!

ማንኮራፋት መጥፋቱም ማስረጃ አይሆንም። ድምፅ ሳይኖር ትንፋሽ መቆራረጥ ይችላል። ውሳኔው የምርመራው እንጂ የሚዛኑም የባለቤትም አይደለም (ባለቤቴ ይሄን ስታነብ ትቆጣለች)። ኪሎው መውረዱን ሲያቆም፣ ወይ ሐኪሙ ባለው ጊዜ፣ እንደገና መመርመር ነው። ኪሎው ቢመለስ ደግሞ በሽታውም ይመለሳል፣ አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አሥር በመቶ የጨመረ ሰው አፕኒያው በ32 በመቶ ገደማ ሲብስ፣ አሥር በመቶ የቀነሰ ደግሞ በ26 በመቶ ገደማ ሲሻለው አግኝቷል።

«ማሽኑ ራሱ እምቢ አለኝ፣ ድኛለሁ ማለት ነው»

ከአራተኛው ወር በኋላ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በፉጨት መንቃት ጀመርኩ። ከማስኩ ጎን አየር እያመለጠ ቀጥታ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ይነፋል። ማሰሪያውን ጠበቅ አደረግኩ። ጠዋት አፍንጫዬ ላይ ቀይ መስመር፣ ማስኩ ግን ያው ይፎጫል። ሆዴም እንደ ከበሮ ይነፋ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነበር። የቀነሰው ሆዴ ብቻ አይደለም፣ ፊቴም ቀንሷል። ጉንጬ ሲገባ ማስኩ ሰፋኝ። ግፊቱም ያኔ ለነበረው ወፍራም ሰውዬ የተለካ 14 ነበር፣ አሁን 9 ይበቃኛል። አነስ ያለ ማስክ ተሰጠኝ፣ ማሽኗም ግፊቱን ራሷ እንድታስተካክል ተደረገች። በዚያው ሌሊት ጸጥ አለች። ብዙ ሰው ማሽኑን የሚተወው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ድኖ ሳይሆን ሰፍቶት።

«መርፌው እያለ ማሽን ምን ያደርጋል?»

የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዜፕባውንድ የሚባለውን የውፍረት መቀነሻ መርፌ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸው፣ አፕኒያቸውም መካከለኛ ወይም ከባድ ለሆነ አዋቂዎች ፈቅዷል። ጥሩ ነው። እሱም ግን በወራት ነው የሚሠራው፣ ዛሬ ማታ ደግሞ ዛሬ ማታ መተንፈስ አለ።

«ሀገር ቤት ስሄድ ለሦስት ሳምንት ብተወውስ?»

ማሽኗ የምትሠራው ፊት ላይ እስካለች ብቻ ነው፣ እንደ አንቲባዮቲክ ጨርሰው የሚተዉት አይደለም። ጥቂት ሌሊት ስትቀር ድካሙ ይመለሳል። ደግሞ መውሰዱ ከባድ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ የሕክምና መሣሪያ ስለሆነች ከእጅ ሻንጣ ቁጥር አያስገባትም፣ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በሚጫነው ሻንጣ ግን አትክተቷት፣ ሻንጣ ይጠፋል። ኤሌክትሪክ መለወጫው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ትራንስፎርመር አያሻም፣ የሶኬት ማገናኛ ይበቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ አዳዲሶቹ ማሽኖች ከፍታውን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ የቆየ ማሽን ያላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መመሪያውን እዩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ከሌለ ማሽኗም ጠፋች ማለት ነው፣ እኔ ባትሪ ገዝቻለሁ።

ባለፈው ጥር አክስቴ ቤት አደርኩ። ማስኩን ስታይ ደንግጣ አማተበች፣ አስረዳኋት፣ «እሺ ልጄ» ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች። ጠዋት ቡና ስታፈላ ዓይኗ ቀልቷል። «ምነው አክስቴ፣ አልተኛሽም እንዴ?» አልኳት።

«ሁለት ጊዜ መጥቼ አፍንጫህ ሥር እጄን አድርጌ አየሁህ» አለች። «የአባትህ ቤት ሰው እንዲህ ጸጥ ብሎ ተኝቶ አያውቅማ!»