ኮፒ ሌላ፣ ክሎን ሌላ
ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛዬ «ሁሉንም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጌዋለሁ» ብሎ ተኝቶ ያድር ነበር። የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ሲሞት ኤክስተርናሉን ሰካና አበራው። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ፣ በቃ። የሙሽሮቹ ፎቶ አለ፤ ዊንዶውሱ አይነሳም።

ኮምፒውተር ሲበራ አስቀድሞ የሚፈልገው ማስነሻውን፣ ማለትም ዊንዶውስን የሚያስነሳውን ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ በአዳዲሶቹ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ገደማ በሆነች ድብቅ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍልፋይ) ውስጥ ይቀመጣል። ኮፒ ፔስት እሷን አያያትም። ክሎን ግን ዲስኩን ከነማስነሻው እንዳለ ይገለብጠዋል። ክሎንዚላ የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይሠራዋል። ታዲያ ተቀባዩን ዲስክ ሙልጭ አድርጎ ነው የሚያጠፋው፤ ሰጪና ተቀባዩን ሁለቴ እዩ። መብራት መሃል ላይ እንዳይከዳችሁ ደግሞ የላፕቶፑን ባትሪ ሙሉት።