«99 በመቶ ትክክል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑንም ሰማሁት። ሐዋሳ ውስጥ በተደረገ አንድ ውይይት ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ የእንሰት አጠውልግ በሽታን ከፎቶ ስለሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ፎቶ ስለተማረ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሲናገሩ «99 በመቶ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ከባለሙያ ይበልጣል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። በምን ላይ እንደተፈተነ የጠየቀ አልነበረም።

ትክክለኛነት ማለት ከቀረቡለት ፎቶዎች ስንቱን በትክክል ለየ ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን የሞዴሉ ጠባይ አድርጎ ሲወስደው ነው። ቁጥሩ የዚያ ፈተና ውጤት ነው። ፈተናው ሲቀየር እሱም ይቀየራል።

የሐዋሳን ባጃጅ ሹፌር እንውሰድ። ከፒያሳ አሞራ ገደል ሲመላለስ ይውላል፤ መንገዱ ሜዳ ነው። እዚያው ብትፈትኑት ከ100 ጉዞ 99ኙን በሰላም ያደርሳችኋል። ያንኑ ልጅ የጨንቻ ዳገት ላይ ብታወጡትስ? የባሰው ደግሞ፣ ልጁ የሚታጠፈው መንገዱን ሳይሆን የጁስ ቤቱን ቀይ ጃንጥላ አይቶ ሊሆን ይችላል። ጃንጥላው የተነሳ ዕለት መታጠፊያውን ያልፈዋል። በለመደው መንገድ ስትፈትኑት ግን ጃንጥላው ሁሌም እዚያው ስላለ ይህን ልታውቁ አትችሉም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ ፕላንትቪሌጅ ከተባለው ስብስብ 54,306 የቅጠል ፎቶዎችን ተጠቅሞ 38 የሰብልና የበሽታ ምድቦችን በመለየት 99.35 በመቶ አገኘ። ያው ሞዴል በሌላ ሁኔታ በተነሱ ፎቶዎች ሲፈተን ወደ 31 በመቶ ወረደ። አጥኚዎቹ ይህን ራሳቸው በግልጽ ጽፈውታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ከአፍ ወደ አፍ የዞረው ግን የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ተመራማሪ ቅጠሉን ጨርሶ ትቶ፣ ከፎቶው ዳራ ላይ 8 ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባቸውን 8 ጥቃቅን ነጥቦች፣ ብቻ ወስዶ 49 በመቶ አገኘ። በ38 ምድብ ዝም ብሎ የገመተ 3 በመቶም አያገኝም። ጃንጥላው ይኸውላችሁ።

እኔም ቤት ገብቷል። ከተማሪዎቼ ጋር ለራሳችን የእንሰት ሞዴል ፎቶ ስናነሳ ጤነኛው ማሳ ጠዋት፣ የታመመው ከሰዓት በኋላ ደረሰን። ውጤቱ አስደሳች ነበር። አንዷ ተማሪ እንሰቱን በጥቁር ሳጥን ሸፍና ለሞዴሉ ሰጠችው። ሞዴሉ አሁንም «የታመመ» አለ። የተማረው በሽታውን ሳይሆን መሬቱ ላይ የወደቀውን ረጅም ጥላ ነበር።

ጥላው ባይኖርም እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ከ1,000 እንሰት የታመሙት 10 ብቻ ከሆኑ፣ ሁሉንም «ጤነኛ» የሚል ፕሮግራም 99 በመቶ ትክክል ነው፤ አንድም በሽተኛ ግን አላገኘም። አጠውልግ ደግሞ በቢላ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ያመለጠው አንድ እንሰት የተቆረጠበት ቢላ ሳይጸዳ ጎረቤት ከተዋሰው፣ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከታመሙት ስንቱን አገኘ የሚለው ለብቻው መነገር አለበት።

ሮቦት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። በማሳ መካከል የሚሄድ ማሽን በየእርምጃው ይወስናል። እያንዳንዱ ውሳኔ 99 በመቶ ትክክል ቢሆን፣ 100 ውሳኔ ያለ ስህተት የመጨረስ ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ስሌት ስህተቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዙ ነው፤ ማሳ ላይ ግን ይያያዛሉ። ካሜራው አቧራ ከለበሰ እስኪጠረግ ድረስ በተከታታይ ይሳሳታል።

አስተያየት ሰጪው ቴክኖሎጂው ለገበሬው ይድረስ ማለታቸው ልክ ነው፤ እኔም የምደክመው ለዚሁ ነው። የእኛን ሞዴል አሁን ፎቶ ባላነሳንበት ወረዳ፣ በሌላ ስልክ፣ ጠዋትም ማታም እንደገና እየፈተንነው ነው። ቁጥሩ እየወረደ ነው። ጽሑፋችን ላይ የሚሰፍረውም የወረደው ነው።