«ምነው ኮራህብን?» ስለ አንድ የቆየ ልብ ወለድ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር 22 ዓመት ሞላኝ። በየዓመቱ «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» (Pride and Prejudice) በሚባለው ልብ ወለድ ላይ የፈተና ወረቀት ሳርም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቀር ይመጣል፤ «ዳርሲ ኩራትን ይወክላል፣ ኤልሳቤት ደግሞ ጭፍን ጥላቻን ትወክላለች።» ተማሪው ከማስታወሻ እንደገለበጠው አውቃለሁ፤ ማስታወሻውን ያጻፈውም መምህር ከሌላ ማስታወሻ ገልብጦታል። ዘንድሮ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይኸንኑ በሻይ ሰዓት እንደ አዲስ ግኝት ሲነግረኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን በ1813 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ይህን ልብ ወለድ ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ዳርሲ የሚባል ሀብታም ወጣት ወደ አንድ የእንግሊዝ ገጠር ይመጣል። በጭፈራ አዳራሽ ውስጥ ኤልሳቤት የምትባል የአገሩ ልጅ እየሰማች «ክፉ አይደለችም፤ እኔን የምትማርክ ቆንጆ ግን አይደለችም» ይላል። ቂም ትይዝበታለች። ኋላ እርሱ ራሱ ይወዳትና «አግቢኝ» ብሎ ይጠይቃታል፤ የቤተሰቧን ዝቅተኛነት እየዘረዘረ ነው የሚጠይቃት፤ አዋርዳ ትመልሰዋለች። በማግስቱ ደብዳቤ ይሰጣታል። ደብዳቤውን ስታነብ ብዙውን ነገር ተሳስታ እንደነበር ይገባታል። መጨረሻ ላይ ይጋባሉ።

ትናንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርስ።

ዳርሲ መስፍን አይደለም። ማዕረግ የለውም፤ በዓመት 10,000 ፓውንድ የሚያስገባ ባለ ርስት ነው። ኤልሳቤት ራሷ «እርሱ የጨዋ ልጅ ነው፣ እኔም የጨዋ ልጅ ነኝ» ብላ ትከራከራለች።

ደራሲዋም በወርቅ ወንበር የተቀመጠች እመቤት አልነበረችም። የመጽሐፉን መብት በ110 ፓውንድ ሸጠች፤ ሲታተምም ስሟ አልወጣበትም።

«ፊታውራሪ መሸሻ የእኛ ዳርሲ ናቸው» የሚለውን ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ ሲመልሱ የልጅቱ የማግቢያ ዕድሜ አለፈ። እርሳቸውን የሚመስሉት የዳርሲ አክስት ሌዲ ካትሪን ናቸው፤ በሠረገላ ኤልሳቤት ቤት ድረስ ገስግሠው «የእህቴን ልጅ እንዳታገቢ» ያሉት ሴትዮ። ዳርሲ ኩራቱን አይቶ አፈረበት። ፊታውራሪና ሌዲ ካትሪን ግን ኩራታቸውን ማየት ቀርቶ ስም እንኳን አልሰጡትም፤ ለእነርሱ የዓለም ሥርዓት ነው።

«የኤልሳቤት እናት ሞኝ ናት» የሚለው ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። አፏ አያርፍም፣ እንግዳ ፊት ታሳፍራለች፤ ልክ ነው። ፍርሃቷ ግን የሞኝ ፍርሃት አይደለም። አምስት ሴት ልጆች አሏት፤ ወንድ ልጅ የላትም። በዓመት 2,000 ፓውንድ የሚያስገባው ርስት በሕግ ለወንድ ወራሽ የታሰረ ስለሆነ ባሏ በሞተ ማግስት ቤቱ ኮሊንስ ለሚባል ዘመድ ያልፋል። እያንዳንዷ ልጅ ከእናቷ የምትጠብቀው 1,000 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። ባልየው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጦ በሚስቱ ይቀልዳል፤ ገንዘብ ሳያስቀምጥ ዕድሜውን የጨረሰው ግን እርሱ ነው። ተማሪዎቼ በአባትየው ቀልድ ይስቁና «ብልህ አባት» ብለው ይጽፋሉ። ሴት ልጆች ያሏት አንዲት የወሎ እናት ብታነበው ግን ማን ላይ እንደምትስቅ እኔ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ሕመሜ።

በመጀመሪያ የርዕሱ ትርጉም ራሱ ያሳስታል። «ጭፍን ጥላቻ» የሚለው ከጥላቻ ውጪ ምንም አያሳይም። ኤልሳቤት በዳርሲ ላይ ብቻ አይደለም ቀድማ የፈረደችው፤ ዊክሃም ለሚባለው ወታደርም ቀድማ ፈርዳለታለች። ዊክሃም መልከ መልካም ነው፤ በተዋወቃት ሰሞን አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሆድ የሆዱን አጫወታት። አንድም ማስረጃ ሳትጠይቅ አመነችው። ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ «አጉል ግምት» እላለሁ፤ ግምት ወደ ክፉም ወደ ደግም ያጋድላልና።

ሁለተኛ፣ ኤልሳቤት ራሷ ኩራተኛ ናት። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ከጭፈራው በኋላ በአፏ ተናግራዋለች። የእኔን ኩራት ባይነካ ኖሮ ኩራቱን ይቅር እለው ነበር ትላለች። ገና 5ኛው ምዕራፍ ላይ ነው! ዳርሲም በበኩሉ በአጉል ግምት የተሞላ ነው። የኤልሳቤት ታላቅ እህት ጄን፣ ከደራሲዋ ጋር ሞክሼ ናት፣ የዳርሲን ጓደኛ ቢንግሊን ከልቧ ትወዳለች፤ ግን ጨዋ ናት፣ ስሜቷን ፊቷ ላይ አታወጣም። ዳርሲ ፊቷን አየና «ልቧ አልተነካም» ብሎ ፈረደ፤ ጓደኛውንም ከእርሷ ለየው። ጨዋነቷ ጎዳት። እኛ ዘንድ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ቡና የምታቀርብን ልጅ ዐይቶ «አልወደደችኝም» ብሎ የሚወጣ ጠያቂ አልገጠማችሁም?

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንባቢ ሁሉ የሚዘላት ሦስተኛዋ እህት ሜሪ ናት። መጽሐፍ ስትጠቅስ ሁሉም ያዛጋባታል፤ የመጽሐፉን ቁልፍ የያዘችው ግን እርሷ ናት። ኩራት ማለት እኛ ለራሳችን ያለን ግምት ነው፣ ሌላው ነገር ደግሞ ሰዎች ስለእኛ እንዲያስቡ የምንፈልገው ነው ብላ ሁለቱን ትለያለች። ያንን «ሌላውን ነገር» መዝገበ ቃላት «ከንቱነት» ይለዋል፤ ለተማሪ አይገባውም። የወሎ ሰው ግን ከመዝገበ ቃላት የተሻለ ቃል አለው፤ «ይዩልኝ»። ወንድሙም «ይሉኝታ» ነው። አንዱ ይዩኝ ይላል፣ አንዱ ምን ይሉኛል ብሎ ይፈራል፤ ሁለቱም ሰው ዐይን ውስጥ ነው የሚኖሩት። ኤልሳቤት ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ራሷን የከሰሰችው በዚሁ ነው፤ ያሳወረኝ ፍቅር አይደለም፣ ይዩልኝ ነው አለች። አንዱ ስለመረጠኝ ደስ አለኝ፣ አንዱ ስለናቀኝ ተቀየምሁ፤ በዚያ ላይ ቆሜ ፈረድሁ ማለቷ ነው።

እኛ ደግሞ «ኮራ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደምንረጨው አስቡት። ደጅ ላይ ሰላም ብሎ ያለፈ «ምነው ኮራህብን?» ይባላል። ሁለት ጉርሻ በልቶ እጁን የሰበሰበ «ምን ያኮራሃል፣ ብላ እንጂ» ይባላል። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ኩሩ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት በተከራየሁበት ግቢ አንድ አዲስ ተከራይ መጣ። አከራያችን እትዬ ከሰዓት በኋላ ቡና አፈሉ፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ግቢው ሁሉ ተሰብስቧል። ልጁ ተጠራ፤ በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ ይቅርብኝ እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ገባ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ተጠራ፤ እንደገና ያው። እትዬ ጀበናውን ከስኒው ጋር እያጋጩ «ቡናዬን ናቀብኝ» አሉ። እኔም፣ በዚያው ሳምንት ይኸንኑ ልብ ወለድ ክፍል ውስጥ ሳስተምር የሰነበትሁት እኔ፣ «የተማረ ነኝ ብሎ ነው» አልሁ። ቅዳሜ ልጁ ራሱ አንድ ኪሎ ስኳርና ጥሬ ቡና ይዞ መጣ፤ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ ጠጣ፣ ሲያወራም አመሸ። እትዬ አላስቻላቸውም፤ ጠየቁት። ልጁ መሬት መሬት እያየ መለሰ፤ ለካ የቀረባቸው ቀናት ሙስሊሞች በፈቃዳቸው የሚጾሙባቸው ሰኞና ሐሙስ ነበሩ፤ ጾሞ ነበር። «ለምን አትነግረንም?» ቢሉት «ይዩልኝ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው» አለ። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ወሎ ተወልጄ ሰኞና ሐሙስን ማስታወስ አቃተኝ። ልጁ ከይዩልኝ ሲሸሽ እኛ በኩራት ከሰስነው። ኩራቱ ታዲያ የማን ነበር? ይህን ታሪክ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ እነግራለሁ፤ ተማሪው ይስቃል፤ ፈተና ላይ ግን «ዳርሲ ኩራትን ይወክላል» ብሎ ይጽፋል።

ስለዚህ ልመክር። ፊልሙን ከማየታችሁ በፊት አንብቡት፤ ፊልም ላይ ዳርሲ ገና ከበሩ ሲገባ መልኩ ስለሚያምር እንደ ኤልሳቤት የመሳሳት ዕድላችሁን ይነጥቃችኋል። ገጸ ባሕርያቱን በሠንጠረዥ አትከፋፍሉ። ከ34ኛው እስከ 36ኛው ምዕራፍ ያለውን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ በሁለተኛው ወደ ዊክሃም የመጀመሪያ ጨዋታ ተመልሳችሁ፣ ገና ለተዋወቃት ሴት የሰው ነውር መዘርዘሩ ጨዋነት መሆኑንና አለመሆኑን ፍረዱ። ኤልሳቤትም ያደረገችው ይኸንኑ ነው።

የእኔን ቅጂ የምትዋሱ ደግሞ የደብዳቤውን ምዕራፍ ጥግ አትጠፉብኝ። ሲታጠፍ ሲዘረጋ ተበልቶ አልቋል።